ከሐይቅ እስከ ባቲ፦ እንግዳ በሚያልፍበት አገር እንግዳ ማሳደር

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደው አስፋልት ደጋንን አቋርጦ ያልፋል። መንገዱን የሠራው ጣሊያን ነው፤ በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ ወደብ ጋር ለማገናኘት። አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችበት ጊዜ ነዳጅ የቀዱ ቦቴዎችና ጭነት የቆለሉ ተሳቢዎች በዚሁ መንገድ ሌት ተቀን ይመላለሱ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ያ ምልልስ ቆመ። መንገዱ ግን አልሞተም፤ ዛሬም ሚሌ ላይ ከጅቡቲው ጎዳና ጋር ይገናኛል። ደጋንም፣ ኮምቦልቻም፣ ባቲም ከአላፊ መንገደኛ ጋር የኖሩ ከተሞች ናቸው። ሾፌሩ ምሳውን ይበላል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። በሰሜኑም በኩል ነገሩ ያው ነው፤ በመኪና ላሊበላ የሚሄደው ጎብኚ ደሴን የአጭር ጊዜ ማረፊያ አድርጓት ኖሯል። ወሎ የመጣውን ሁሉ ፊቱን አብርቶ ይቀበላል፤ የመጣው ሰው ግን ሳያድር ያልፋል።

አሁን ይህን ሊለውጥ የሚችል ሥራ ተጀምሯል። ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ያቀፈው «ገበታ ለሀገር» ከተጀመረ በኋላ «ገበታ ለትውልድ» የተባለው ፕሮጀክት ሲከተል፣ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ሆነ። ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የደሴና የአካባቢው ሰው ሐይቁን ሲያወድስ የኖረ ቢሆንም፣ ደህና ማረፊያ ፈልጎ ሲያጣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ሐዋሳ ሲጓዝ ቆይቷል። ስለዚህ ሥራውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ውጤቱ መለካት ያለበት እዚያ በሚሠራው ሎጅ የአልጋ ብዛት ወይም በምረቃው ቀን ድምቀት አይመስለኝም። እንግዳው በሁለተኛው ቀን የት ይውላል? ምሳውን ማን ያበላዋል? ከኪሱ የወጣው ብር ከግቢው በር ውጭ ስንት ቤት ይደርሳል? የሎጎ ጉዳይ ለእኔ እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

ለሁለተኛው ቀን የሚሆን ነገር ሞልቷል። ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በደጋን በኩል ባቲ ለመድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ጉዞ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ከተቀመጠችው ደሴ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ወዳለችው ባቲ ይወረዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሀረጎን የወረደ ሰው ያውቀዋል። ጦሳ ተራራ ሥር በጉም ተሸፍና ያደረችውን ከተማ ጋቢ ደርቦ ይለቃታል፤ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ሲደርስ ጋቢው ተጣጥፎ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ወደ ደጋን ሲዘልቅ ማሳው ማሽላ እየሆነ ይሄዳል፤ አየሩ ይሞቃል። ባቲ ሲገባ ደግሞ ግመሉ ይቀበለዋል። ሰኞ ከሆነ ከቆላው የመጣው አፋር፣ ከደጋው የወረደው አማራ፣ የአገሬው ኦሮሞና አርጎባው ባንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ ግመል፣ ፍየል፣ ጨው፣ እህልና ጨርቅ እጅ ይለዋወጣል።

የሜዲትራኒያን ጠረፍ በቱሪዝም ያገኘው ዝናም የቆመው የተለያየ ነገር በአጭር ርቀት በሚገኝበት በዚህ ዓይነት ቅርርብ ላይ ነው። ቱርክ አገር አንታሊያ ያረፈ ሰው ጠዋት ባሕር ገብቶ ይዋኛል፤ ረፋዱ ላይ ሮማውያን የገነቡትን የአስፔንዶስ ቲያትር ያያል፤ ከሰዓት በኋላ የቶሮስ ተራሮች ላይ ይወጣል፤ ማታ ዓሣና የወይራ ዘይት የቀረበበት ገበታ ይጠብቀዋል። ተፈጥሮው፣ ታሪኩና ምግቡ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገኛሉ። ይህን ሀብት የያዙ አገሮች ሁሉ ግን እኩል አልተጠቀሙበትም። የሎጎ አልሚዎች ቀረብ ብለው ማየት ያለባቸው ይህን ልዩነት ይመስለኛል።

አንደኛው መንገድ ሁሉን በአንድ ግቢ ማድረግ ነው። እንግዳው ገና ከአገሩ ሳይነሳ አልጋውን፣ ምግቡንና መጠጡን ጨምሮ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ በአውቶቡስ ተወስዶ ግቢ ይገባል፤ ሳምንቱን እዚያው በልቶ፣ ጠጥቶና ዋኝቶ ይመለሳል። አንታሊያ አካባቢ ይህ አሠራር ገንኗል። ለሆቴሉ አዋጭ ነው፤ የከተማው ምግብ ቤት ግን በመቶ ሜትር ርቀት ላይ እንግዳውን በአጥር በኩል ሲያይ ይከርማል። ስፔን ውስጥ ቤኒዶርም የምትባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1956 ፕላኗ ወዲህ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። በዚያው አገር ባርሴሎና ውስጥ የቤት ኪራይ የናረበት ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2024 በጋ አደባባይ ወጥቶ ቱሪስት ላይ በመጫወቻ ሽጉጥ ውኃ ረጨ። በዚያው ዓመት ቬኒስ ውሎ ከሚሄድ እንግዳ በተጨናነቁ ቀናት 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች። ሳያድር የሚያልፍ እንግዳ ለሀብታም ከተማም ሸክም መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሌላው መንገድ እንግዳውን በመንደሩ መበተን ነው። እዚያው ቱርክ፣ ከፈትሂዬ እስከ አንታሊያ አቅራቢያ የሚዘልቀው የሊሲያ የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፈተ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአብዛኛው ጥንትም የነበረ የእረኛና የበቅሎ ዱካ ነው፤ የተጨመረበት ድንጋይ ላይ የተቀባ ምልክትና መምሪያ መጽሐፍ ነው። ተጓዡ ማታ በየመንደሩ፣ ገበሬ ቤት ማደር ይችላል። ጣሊያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ገበሬ በእርሻው ላይ እንግዳ እንዲያሳድርና እንዲያበላ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። የሕጉ ቁምነገር የሚቀርበው ምግብ በዋናነት ከራሱ ማሳ መምጣት አለበት መባሉ ነው። የወይራው፣ የወይኑና የአይቡ ገበያ አብሮ ተነሳ።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው በወሎ ምድር፣ መቄት ላይ፣ ተስፋ በሚል ስም የታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምሮ ጎብኚን ከአምባ ወደ አምባ በእግር ሲያጓጉዝ፣ በሣር ጎጆ ሲያሳድርና በገበሬ እጅ የተሠራ ምግብ ሲያበላ ኖሯል። ገቢው ለሠራው ሰውና ለማኅበረሰቡ ነው። ቤቱ ትንሽ ነው፤ መብራት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ የፈረንጅ እንግዳ ግን በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጭላዳ ያያል። ሎጎ ላይ የሚሠራው ትልቅ ሎጅ እንዲህ ካሉ ትንንሽ ማረፊያዎች ጋር ቢተሳሰር፣ እንግዳው አንዱን ሌሊት ሐይቁ ዳር፣ ሌላውን ደሴ፣ ሦስተኛውን ከደጋን በላይ ካለ የገበሬ ቤት ሊያድር ይችላል። ይህ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሎጁ አስተዳደር ከመነሻው እንግዳውን ለማጋራት ፈቃደኛ እንዲሆን ነው።

ስለ ሐይቁ ራሱ ዘለግ አድርጌ ልናገር፤ ሁሉ ነገር የቆመው በውኃው ላይ ነውና። ሎጎ ከሰማንያ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። መውጫ ወንዝ ግን የለውም። ከተራራው የሚጎርፈው፣ ከማሳው ማዳበሪያ ይዞ የሚወርደው፣ ከከተማው የሚጣለው ሁሉ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከአርባ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሐይቁ ተለውጧል። ቆሮሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ለዓሣ አጥማጁ እንጀራ ሆነ፤ የውኃው ሚዛን ግን አብሮ ተናጋ፤ ድሮ ጠጠሩ ከታች ይታይበት የነበረው ውኃ በአልጌ እየደፈረሰ መጣ። እንዲህ ባለ ሐይቅ ዳርቻ የሚሠራ ሎጅ የመጀመሪያ ሥራው የፍሳሽ ማጣሪያው መሆን አለበት፤ ከመዋኛ ገንዳውም፣ ከአዳራሹም በፊት። የሐሮማያ ሐይቅ በምሥራቁ አገር ዓይናችን እያየ ደርቆ ነበር።

ሜዲትራኒያንም ቢሆን ዝግ ሊባል ምንም ያልቀረው ባሕር ነው፤ ከአትላንቲክ ጋር የሚገናኘው በጠባቡ የጅብራልታር በር ነው። በጠረፉ ያሉ አገሮች ይህን ተረድተው እ.ኤ.አ. በ1976 ባርሴሎና ላይ ብክለትን ለመከላከል ስምምነት ፈረሙ። ፖለቲካቸው የማይገናኝ አገሮች ናቸው አብረው የፈረሙት። ተሁለደሬ፣ ሐይቅ ከተማና ሎጁ ግን በአንድ ዞን ሥር ናቸው። በዙሪያው ያለው ተራራ እንዳይታረስ፣ ዳርቻው እንዳይሸነሸንና ውኃው በየወቅቱ እንዲለካ መስማማት ለእነሱ ይከብዳል ብዬ አላምንም።

ሐይቁ ላይ ሌላ ባለቤትም አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከኢትዮጵያ ጥንታዊ የትምህርት ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የመሠረቱት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ በኢየሱስ ሞዐ ዘመን የተጻፈውን ወንጌል እስከ ዘመናችን ጠብቆ ያቆየ ደብር ነው። ሴት አይገባበትም። ባልና ሚስት ሆነው የመጡ እንግዶች ባል ሲገባ ሚስት ደጅ ስትጠብቅ ማየት የተለመደ ነው። የገዳሙ ሥርዓት ይከበር፤ ለእሷ ደግሞ የታንኳ ጉዞ፣ የወፍ እይታ ወይም ስለ ገዳሙ ታሪክ ከውጭ የሚተርክ አስጎብኚ ይዘጋጅላት። ጄኔሬተርና ሙዚቃ ከሎጁ ወደ ገዳሙ እንዳይሰማም ከአሁኑ ይታሰብበት። መነኮሳቱ ለሰባት መቶ ዓመታት ጸጥታ የለመዱ ሰዎች ናቸው።

ምግቡ ላይ ስንደርስ ወሎ ትልቅ ዕድል አለው፤ ጭራሽ ያልተነካ ዕድል ነው። የሜዲትራኒያን ምግብ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የተመዘገበው ዝርዝር ወጥ አይደለም፤ አዝመራው፣ ማጥመዱ፣ አብሮ መብላቱና ለእንግዳ ማካፈሉ ነው። ከዚህ ሁሉ የትኛው ወሎ ላይ ይጎድላል? ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ዓሣ እንዴት ከተማ እንደሚያሳድግ አይቷል። አጥማጁ ጀልባውን ያስጠጋል፤ ወጣቱ እዚያው ቆዳውን ገፎ፣ አጥንቱን ለይቶ ያቀርባል፤ ሴቶቹ ዘይት አግለው ይጠብሳሉ፤ እንግዳው ቁርጡን በዳጣ ይበላል። ከአዲስ አበባ ለዚያ ብሎ የሚሄድ ሰው አለ። ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር ግን ልጆች ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው መኪና ሲያልፍ ያወዛውዛሉ፤ አሽከርካሪው በመስኮት ገዝቶ ደሴ ወስዶ ያስጠብሳል። ዓሣው የሐይቅ፣ ሒሳቡ የደሴ ይሆናል። ዳርቻው ላይ ውኃና በረዶ ያለው፣ ንጽሕናው የተጠበቀ የዓሣ ገበያና ደርዘን ያህል የሴቶች ማብሰያ ቢሠራ፣ በአነስተኛ ወጪ ከሎጁ የማያንስ ሰው ሊስብ ይችላል።

ደሴ ላይ ደግሞ ሁለት ገበታ ጎን ለጎን አለ። የእስላም ሥጋ ቤትና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ግድግዳ ተጋርተው ይሠራሉ። ረቡዕና ዓርብ የጾሙ ወጥ ይወጣል፤ በረመዳን ደግሞ ማታ ማታ ሳምቡሳው፣ ሾርባውና ተምሩ። እንዲህ ያለ ከተማ ከገልፍ የሚመጣውን ሙስሊም እንግዳም፣ ጾመኛውን ምዕመንም፣ ሥጋ የማይበላውን ፈረንጅም ሳይቸገር ያስተናግዳል፤ የሌላ አገር ሆቴሎች ለዚህ ልዩ ሼፍ ይቀጥራሉ። የደጋን ወይም የባቲ ቡና ደግሞ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ጀበናው ከመቅረቡ በፊት ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጤሳል፤ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ቤተኛው ሁሉ አሚን ይላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ማንም አይነሳም። ሲኒ ይዞ የተቀመጠ እንግዳ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወደ መኪናው አይመለስም። በቱሪዝም ቋንቋ ይህ ገንዘብ ነው፤ እስካሁን ግን በነጻ የሚሰጥ መስተንግዶ ሆኖ ኖሯል፤ አስተናጋጇን ሳያሳፍር ለድካሟ የሚከፈልበት መላ መበጀት አለበት።

ቅርሱን በአንድ ትንፋሽ ጠርቼ አልጨርሰውም። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የአይጠየፍ አዳራሽ ደሴ ላይ ቆሟል። አምባሰል ውስጥ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ አለ፤ የአድዋ ጦርነት መነሻ የሆነው ወረቀት የተጻፈበት ስፍራ ማለት ነው። መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ በምዕመን ትሞላለች፤ መውሊድ ሲደርስ አልብኮ ወረዳ ጀማ ንጉሥ ላይ ሕዝቡ መንዙማ እያለ ያድራል። ከከሚሴ በኩል ሾንኬ የምትባለዋ የአርጎባ መንደር አለች፤ ኮረብታ አናት ላይ የድንጋይ ቤቶቿ ተደጋግፈው የቆሙባት። የጣሊያንን የኮረብታ መንደሮች ለማየት ዩሮ የሚከፍል ሰው ይህችን ቢያይ አይቆጭም። ከዘፈናችን ቅኝቶችም ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ምድር ነው፤ ቅኝቱን በተወለደበት አገር፣ በማሲንቆ፣ ማታ ማታ የሚያሰማ አንድ ቤት ግን ለጎብኚ ጥራ ብባል በአፌ የሚመጣልኝ የለም። ይህ ያሳዝነኛል።

የበለጠ የሚያሳዝነው የደሴ ሙዚየም ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ይህ ቤት በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፏል። የሄደውን ቅርስ በሎጅ መተካት አይቻልም። የተረፈውን መዝግቦ፣ የጠፋውን በፎቶ አሳይቶ፣ በከተማዋ ላይ የደረሰውን ለልጆች የሚነግር ቤት ማድረግ ግን ይቻላል፤ ከሎጎው በጀት ትንሽ ክፋይ የምትበቃው ሥራ ነች።

እዚህ ላይ ሰላምን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቆስለዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል እንደገና ግጭት ውስጥ ገብቷል። በቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ የተገነባው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡርም ሰው ሳያጓጉዝ በጦርነቱ ንብረቱ ተዘርፎ ቆይቷል። መንገዱ ማታ የማይታመን ከሆነ ሁለተኛው ቀን ቀርቶ የመጀመሪያውም አይኖርም። ከሰላሙ ሌላ የፋብሪካ ከተማዋ ኮምቦልቻም የቤት ሥራ አለባት፤ ፍሳሿ በገባር ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከና ደግሞ ወፉም ከብቱም ወደሚኖርበት የጨፋ ረግረግ ይወርዳል። ጎብኚ ሊያየው የሚገባ ውኃ እዚያ አለ።

ሰላሙ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ፈረንጆች ይሆናሉ ብዬ አልጠብቅም። ከአዲስ አበባ ልጆቹን ይዞ የሚመጣው፣ ለግሸንና ለመውሊድ የሚሄደው፣ ከሪያድና ከዱባይ ለእረፍት የሚመለሰው የራሳችን ሰው ነው። ያ ሰው ለሌሊቱ የሚከፍለው ዋጋ ከፈረንጁ ጋር እኩል ሊሆን አይችልም፤ ሎጁ ይህን አስቦ ርካሽ ክፍልም ካልሠራ የአገሬው ሰው እንደገና በር ላይ ይቀራል።

ሠራተኛውን በተመለከተ ደግሞ የሜዲትራኒያን ጠረፍ ከወሎ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቀጥተኛ ሰንሰለት አለ። ከቃሉ፣ ከደጋን፣ ከባቲና ከአካባቢው ስንት ሴት ልጅ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኤምሬትስና ወደ ሊባኖስ ሄዳለች! ቤይሩት የሜዲትራኒያን ከተማ ናት። ባሕሩን ያዩ ልጆቻችን ያዩት በእረፍት አይደለም፤ በረንዳ ሲያጥቡና የሰው ልጅ ሲያዝሉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ሻንጣቸውን አስይዘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው እንደሄዱ ዓለም አይቷል። እነዚህ ሴቶች አረብኛ ይናገራሉ። ሙተበልና ታቡሌ ይሠራሉ፤ አልጋ በወጉ ያነጥፋሉ፤ ለደርዘን እንግዳ ባንድ ሰዓት ገበታ ያሰናዳሉ። ሲመለሱ ግን በእጃቸው ያለው ሙያ በወረቀት ላይ የለም፤ ብዙዎቹ በባዶ እጅ ቀርተው እንደገና በደላላ ተይዘው ይወጣሉ።

ለሎጎ የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ የሆቴል ዲፕሎማ ብቻ መስፈርት ከሆነ፣ ከእነሱ አንዷም በዚያ በር አትገባም። የሙያ ብቃት (ሲኦሲ) ምዘና ማዕከላት ለእነዚህ ተመላሾች በተግባር ብቻ፣ በወጥ ቤትና በመኝታ ክፍል የሚሰጥ ፈተና ያዘጋጁላቸው፤ ክፍያውን ዞኑ ይሸፍን፤ ሎጁም ከወጥ ቤትና ከመስተንግዶ ቦታዎቹ ግማሹን ለእነሱ ይያዝ። ፈተናውም ደሴ ብቻ ሳይሆን ደጋንና ባቲ ላይ ይሰጥ፤ ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው።